መንግሥት በምን ዓይን ያያል? የጀምስ ስኮት ሥራዎችና የመሬት ልኬታ ታሪክ

አንድ አርሶ አደር ስለ ማሳው ሲጠየቅ “ከጅረቱ ማዶ ያለው፣ ዓምና ባቄላ የተዘራበት፣ ታችኛው ጥጉ በክረምት ውኃ የሚያቁረው” ብሎ ይጀምራል። መቼ እንደሚታረስ፣ የትኛው ዘር እንደሚስማማው፣ ከየትኛው አያቱ እንደ ወረደለት፣ ከጎረቤቱ ጋር በየትኛው ድንጋይ እንደሚዋሰን ያውቃል። ያው ማሳ በወረዳው መዝገብ ላይ ሲገኝ ግን የባለይዞታ ስም፣ የስፋት ልክ፣ የአዋሳኞች ዝርዝርና አንድ መለያ ቁጥር ነው። ሁለቱም መግለጫዎች እውነት ናቸው፤ አንዱ ግን ሌላውን አይተካም። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት የመንግሥትንና የገበሬን ታሪክ ምን ያህል እንደ ወሰነ ሲመረምሩ ዕድሜያቸውን ካሳለፉ ምሁራን አንዱ ፕሮፌሰር ጀምስ ስኮት ናቸው።

አሜሪካዊው የፖለቲካ ሳይንስ ሊቅ በዬል ዩኒቨርሲቲ ለረጅም ዓመታት ያስተማሩ ሲሆን፣ በዚያው ዩኒቨርሲቲ እ.አ.አ በ1991 የገጠርና የግብርና ጥናት መርሐ ግብር መሥርተዋል። ስለ ገበሬ የሚጽፉት ከቤተ መጻሕፍት ብቻ ተነሥተው አልነበረም። እ.አ.አ ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በማሌዥያ አንዲት ሩዝ አምራች መንደር ውስጥ ሁለት ዓመት ያህል ኖረዋል፤ በኮኔክቲከት ግዛት በነበራቸው እርሻም በግ ያረቡ ነበር። በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም በ87 ዓመታቸው ያረፉ ሲሆን፣ ስለ ወንዞችና ስለ ጎርፍ የጻፉት የመጨረሻ መጽሐፋቸው ከሞታቸው በኋላ በ2017 ዓ.ም ታትሟል።

ከኢትዮጵያም ጋር የሚያገናኛቸው ነገር አለ። እ.አ.አ በ1990 ያሳተሙት፣ የተገዢዎችን ስውር ተቃውሞ የሚመረምረው መጽሐፍ የሚከፈተው የኢትዮጵያ ነው በተባለ ምሳሌያዊ አነጋገር ነው። የአነጋገሩ መንፈስ ጌታው ሲያልፍ ብልህ ገበሬ ከፊት ለፊት ዝቅ ብሎ እጅ እንደሚነሣ፣ ንቀቱን ግን ድምፅ ሳያሰማ እንደሚገልጽ ያሳያል። ሰም ከወርቅ ለለመደ ኅብረተሰብ ነገሩ እንግዳ አይደለም።

ለማየት ሲባል ማቅለል

ከሥራዎቻቸው ሁሉ ይበልጥ የታወቀው እ.አ.አ በ1998 የታተመው፣ ርእሱ በአማርኛ “እንደ መንግሥት ማየት” ሊባል የሚችለው መጽሐፍ ነው። የመጽሐፉ ጥያቄ አንድ ነው፤ የሰውን ኑሮ ለማሻሻል ታስበው የተነደፉ ታላላቅ የመንግሥት ዕቅዶች ስለ ምን ብዙ ጊዜ ከሸፉ?

የስኮት መልስ የሚጀምረው ከመለኪያ ነው። ከማዕከል የሚመጣ ባለሥልጣን ግብር ለመሰብሰብ፣ ወታደር ለመመልመል ወይም ጸጥታ ለማስከበር በቅድሚያ ማን የት እንደሚኖር፣ ምን ያህል መሬት እንደሚያርስ፣ ምን ያህል እንደሚያመርት ማወቅ አለበት። የአገሬው ሰው መለኪያ ግን ለአገሬው ሰው ጉዳይ የተበጀ ነው። ጥማድ አንድ ጥንድ በሬ በቀን የሚያርሰው መሬት ነው፤ አፈሩ ሲከብድ ይጠብባል፣ ሲላላ ይሰፋል። ቁናም ከአንዱ ገበያ ወደ ሌላው ሲሄዱ ልኩ ይለያያል። ለገበሬው ይህ ጉድለት አይደለም፤ ጥማድ የመሬቱን ስፋት ብቻ ሳይሆን የሚጠይቀውን ድካምም ይነግረዋል። ከሩቅ ለሚያይ ባለሥልጣን ግን ሁሉም ነገር ጭጋግ ነው።

ስለዚህ መንግሥታት ጭጋጉን ለመግፈፍ መለኪያውን አንድ ያደርጋሉ፣ ካርታ ያነሣሉ፣ መዝገብ ይከፍታሉ። ሌላው ቀርቶ የሰው ስምም ሳይቀር እንዲስተካከል ይደረጋል። እ.አ.አ በ1849 በፊሊፒንስ የነበረው የስፔን ገዢ ለነዋሪዎች ቋሚ የቤተሰብ ስም ከተዘጋጀ ዝርዝር እንዲታደል አዝዞ ነበር። ኢትዮጵያውያን የአባታቸውን ስም እያስከተሉ እስከ ዛሬ ቢዘልቁም፣ ወደ አሜሪካ ወይም ወደ አውሮፓ የተሰደዱ ቤተሰቦች ግን በቅጹ ላይ “የቤተሰብ ስም” የሚል ባዶ ቦታ ሲገጥማቸው የአባትን ወይም የአያትን ስም ለትውልድ የሚወርስ መጠሪያ ለማድረግ ይገደዳሉ። ከመዝገቡ ጋር የተስማማው ሰውዬው ነው።

ስኮት ይህን “ተነባቢነት” ይሉታል፤ ሕዝብንና መሬትን ከማዕከል ሆኖ እንደ ጽሑፍ ለማንበብ እንዲቻል ማድረግ ማለት ነው። አደጋው ማቅለሉ ራሱ ሳይሆን፣ የቀለለው ሥዕል ተመልሶ እውነተኛውን ኑሮ መለወጥ ሲጀምር የሚመጣው ነው። ፈረንሳይ እ.አ.አ ከ1798 ጀምሮ ከመቶ ዓመት በላይ በቤት መስኮትና በር ቁጥር ግብር ታስከፍል ነበር። ቤት ውስጥ ሳይገቡ የባለቤቱን አቅም ከውጭ ቆጥሮ ለመገመት ብልሃት ይመስል ነበር። ድኾች ገበሬዎች ግን ግብሩን ለመሸሽ መስኮት የሌላቸውን ቤቶች መሥራት ያዙ፤ ጨለማና የታፈነ አየርም ጤናቸውን ጎዳው።

የተስተካከለው ደን

ስኮት ሐሳባቸውን በግልጽ ለማሳየት የመረጡት ምሳሌ የጀርመን ደን ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የፕሩሲያና የሳክሶኒ መንግሥታት ደንን የሚያዩት በአንድ ጥያቄ ነበር፤ በዓመት ስንት እንጨት፣ ስንት ገንዘብ ይወጣዋል? የደን ባለሙያዎች ቅይጡን የተፈጥሮ ደን እያስወገዱ አንድ ዓይነት ጥድ መሳይ ዛፍ፣ በአንድ ዕድሜ፣ በቀጥታ መስመር ተከሉ። ቁጥቋጦው ተመነጠረ፣ የወደቀው ቅጠልና ጭራሮ ተጠረገ። ለመቁጠርም ለመቁረጥም ቀላል ሆነ።

የመጀመሪያው ትውልድ ዛፍ በሚያስደንቅ ሁኔታ አደገ። ሁለተኛው ትውልድ ሲተከል ግን ችግሩ ታየ፤ በአንዳንድ ቦታ ምርቱ ከ20 እስከ 30 በመቶ ቀነሰ። የመጀመሪያዎቹ ዛፎች ያደጉት አሮጌው ቅይጥ ደን ለዘመናት ባጠራቀመው ለም አፈር ነበር። ባለሙያዎቹ “ቆሻሻ” ብለው ያስወገዱት ቅጠል፣ ቁጥቋጦ፣ ነፍሳትና ወፍ አፈሩን ሲመግቡና ተባዩን ሲጠብቁ የኖሩ ነበሩ። ስሕተቱ ለመታወቅ መቶ ዓመት ያህል ፈጀ።

አንድ ዓይነት ዛፍ በአንድነት ሲተከል ለበሽታ እንደሚጋለጥ የአዊ አካባቢ አርሶ አደሮችም በዲከረንስ ዛፋቸው ላይ በደረሰው በሽታ አይተውታል። በዚያ ዛፉን የመረጠው አርሶ አደሩ ራሱ፣ የገፋፋውም የከሰል ገበያው ነበር። ስኮትም የማቅለል ጠባይ የመንግሥት ብቻ አለመሆኑን፣ ትልቅ ገበያም እንዲሁ እንደሚያደርግ አልሸሸጉም።

እህል፣ አሥራትና ቀላድ

እ.አ.አ በ2017 በታተመ ሌላ መጽሐፋቸው ስኮት ወደ ጥንት ዘመን ተመልሰው የመጀመሪያዎቹ መንግሥታት ስለ ምን እህል በሚበቅልበት አገር እንደ ተመሠረቱ ይጠይቃሉ። እህል ከምድር በላይ የሚታይ፣ በአንድ ወቅት የሚደርስ፣ የሚሰፈርና የሚከማች በመሆኑ ለግብር ሰብሳቢ ይመቻል። ከምድር በታች የሚያፈራ ተክል ግን አስቸጋሪ ነው፤ ባለቤቱ በፈለገ ጊዜ ቆፍሮ ያወጣዋል።

ይህን ሐሳብ ለመረዳት ኢትዮጵያዊ አንባቢ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። በደቡቡ የአገሪቱ ክፍል የሚተከለው እንሰት በጓሮ ለዓመታት ይቆያል፤ የመከር ቀን የለውም። ጤፉና ገብሱ ግን በታወቀ ወር አውድማ ላይ ይከመራል። በዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ዘመን ሠራዊትን ለመቀለብ የተደነገገው አሥራት ከእህሉ አንድ አሥረኛውን የሚወስድ ነበር፤ ለዚህም ምርቱን የሚገምት ሰው ያስፈልግ ነበር።

መሬትንም ለመለካት በሸዋና በደቡብ አውራጃዎች ገመድ ተዘረጋ። ገመዱ ቀላድ ይባል ስለ ነበር የተለካው መሬት ራሱ ቀላድ ተባለ። በብዙ ሥፍራ ልኬታው መሬትን ለሹማምንትና ለወታደሮች ለማካፈል መንገድ ስለ ከፈተ፣ ቀድሞ ባለመሬት የነበረው ገበሬ ጭሰኛ ሆኖ ቀረ። የገመዱ ዜና በሌላውም አገር ያለውን ባለርስት ማስፈራቱ የሚጠበቅ ነበር።

የ1960 ዓ.ም የጎጃም ዐመፅ

በጎጃም አብዛኛው መሬት የርስት መሬት ነበር። አንድ ሰው መሬት የሚጠይቀው ከአቅኚው አባት በእናቱም ሆነ በአባቱ በኩል የትውልድ ሐረጉን ቆጥሮ ነው። ይህ ሥርዓት በካርታ ላይ ለማስፈር እጅግ የሚያስቸግር ነበር፤ የአንዱ ሰው ድርሻ በሌላው ዘመድ ይገባኛል ባይነት ላይ የተንጠለጠለ በመሆኑ በአንድ ስም የሚጻፍ ቋሚ ወሰን አልነበረውም።

በ1960 ዓ.ም አሥራትን የሚተካ የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር ታወጀ። በወረቀት ላይ ሲታይ አዋጁ ፍትሐዊ ነበር፤ ብዙ የሚያገኘው ብዙ፣ ጥቂት የሚያገኘው ጥቂት እንዲከፍል የሚያደርግ ነው። ነገር ግን ገቢን ለመገመት መሬቱንና ምርቱን ማየት ያሻል። ገማቾች ወደየቀበሌው ሊገቡ ሲሉ የጎጃም ገበሬ “ዛሬ ግምት፣ ነገ ልኬታ፣ ከነገ ወዲያ ርስቴን ማጣት” የሚል ሥጋት አደረበት። ከዚያ በፊት የነበሩ የልኬታ ሙከራዎችና የሹማምንት በደል ሥጋቱን አባብሰውት ነበር። ሞጣና ቢቸናን ጨምሮ በብዙ ወረዳዎች ገበሬው ገማቾችን አላስገባም አለ፤ ነገሩም ወደ ጦር መሣሪያ አመራ። መንግሥት እግረኛ ጦርና አውሮፕላን ላከ። በመጨረሻ ግን የጠቅላይ ግዛቱ ገዢ ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁሥላሴ ከቦታቸው ተነሡ፣ የግብሩ ትእዛዝ ላላ፣ ውዝፉም ተማረ።

ይህን ዐመፅ ከትግራይና ከባሌ ዐመፆች ጋር አነጻጽረው በሰፊው ያጠኑት የታሪክ ምሁሩ ፕሮፌሰር ገብሩ ታረቀ ናቸው፤ መጽሐፋቸው እ.አ.አ በ1991 ታትሟል። በስኮት መነጽር ሲታይ የጎጃም ገበሬ የተዋጋው ከአንድ የግብር መጠን ጋር ብቻ አልነበረም። ሳያውቁት ከሚያውቁት፣ ሳያማክሩት ከሚመዘግቡት መንግሥት ጋርም ነበር።

ከታንዛኒያ እስከ ሐረርጌ፦ የመንደር ምሥረታ

ስኮት በ1998ቱ መጽሐፋቸው ሰፊ ቦታ ከሰጧቸው ጉዳዮች አንዱ የታንዛኒያ መንደር ምሥረታ ነው። ፕሬዚዳንት ጁሊየስ ኔሬሬ በቅን ልቡና፣ ተበታትኖ የሚኖረው ገበሬ ወደ መንደር ተሰብስቦ ትምህርት ቤት፣ ክሊኒክና ንጹሕ ውኃ እንዲያገኝ ፈለጉ። በፈቃድ የተጀመረው ነገር እ.አ.አ ከ1973 እስከ 1976 ድረስ ወደ ማስገደድ ተለወጠ፤ አምስት ሚሊዮን የሚሆን ሕዝብ ከቦታው ተነሣ። ብዙ መንደሮች ለመኪና መንገድ እንዲቀርቡ እንጂ ለአፈርና ለውኃ እንዲስማሙ ተደርገው አልተመረጡም። ምርት ወደቀ፤ አገሪቱም እህል ከውጭ ለመግዛት ተገደደች።

በዚያው መጽሐፍ የኢትዮጵያም ታሪክ ይነሣል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ጭሰኝነትን በማስቀረቱ በብዙ ሥፍራ በደስታ ተቀባይነት አግኝቶ ነበር። ያው መንግሥት ግን አሥር ዓመት ያህል ቆይቶ በሐረርጌ የጀመረውን የመንደር ምሥረታ ወደ ሌሎች ክፍለ ሀገሮች አስፋፋ። ቤቶች በመስመር ተቀልሰው፣ ጓሮዎች በእኩል ተሸንሽነው፣ መንደሩ ከላይ ሲያዩት ያማረ አራት ማዕዘን ሆነ። እስከ 1980ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ከ12 ሚሊዮን በላይ ሰው በዚህ መንገድ እንደ ተሰበሰበ ይገመታል።

አርሶ አደሩ ግን ከማሳው ራቀ። ጦጣና ከርከሮ ሰብሉን ሲያጠፉ የሚጠብቅ አልነበረም። ፍግ ከበረት ወደ ጓሮ የሚደርስበት የቅርብ መንገድ ተቋረጠ፤ የሰውና የከብት መጨናነቅም በሽታና የግጦሽ እጥረት አመጣ። በየካቲት 1982 ዓ.ም ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅና ግዴታው ሲላላ፣ ገበሬው በብዙ ቦታ የጎጆውን እንጨት ነቅሎ ወደ ቀድሞ ቀዬው ተመለሰ። ተቃውሞው በጽሑፍ አልቀረበም፤ በትከሻ ላይ በተጫነ ማገርና ወጋግራ ተገለጠ።

አራቱ ሁኔታዎችና የልምድ ዕውቀት

ስኮት ማቅለል ሁሉ ወደ ጥፋት ያደርሳል አይሉም። እንደ ጥናታቸው ከሆነ ታላቅ ጥፋት የሚደርሰው አራት ነገሮች ሲገጣጠሙ ነው፤ አንደኛ፣ ሕዝብንና ተፈጥሮን በመዝገብና በካርታ አቅልሎ የሚያይ አስተዳደር፤ ሁለተኛ፣ ሁሉን ነገር በሳይንስ ስም ከላይ ማስተካከል ይቻላል የሚል ከልክ ያለፈ እምነት፤ ሦስተኛ፣ ይህን እምነት በኃይል ለማስፈጸም የሚችልና የሚፈቅድ መንግሥት፤ አራተኛ፣ “ቆይ፣ ይህ አያዋጣም” ለማለት አቅም ያጣ ሕዝብ። አራተኛው ሲጨመር ዕቅዱ የሚታረምበት በር ይዘጋል።

በዚያ በር የሚገባው ዕውቀት የአርሶ አደሩ ዕውቀት ነው። ስኮት በማሌዥያዋ መንደር ሳሉ ያዩትን ይተርካሉ። አንድ የማንጎ ዛፍ ፍሬው ሳይበስል በትላልቅ ቀይ ጉንዳኖች ይበላ ነበር። አንድ ሽማግሌ የደረቀ የዘንባባ ቅጠል አዘጋጅተው ጥቃቅን ጥቁር ጉንዳኖች እንቁላላቸውን እንዲጥሉበት ጠበቁ፤ ከዚያም ቅጠሉን ከማንጎው ሥር አኖሩት። እንቁላሉ ሲፈለፈል ጥቁሮቹ ቀዮቹን ተዋግተው አባረሩ፤ ማንጎውን ግን አልነኩም። ይህ ዕውቀት በቦታው ረጅም ዘመን በመኖርና በማስተዋል የተገኘ ነው። ስኮት እንዲህ ያለውን የልምድ ጥበብ በጥንታዊው የግሪክ ቃል “ሜቲስ” ይሉታል። ዝናብ ቢዘገይ የትኛውን ዘር መለወጥ እንደሚገባ የሚያውቅ፣ ባቄላን ከአተር ደባልቆ የሚዘራ አርሶ አደር የዚህ ጥበብ ባለቤት ነው።

በመጨረሻው መጽሐፋቸውም በማይናማር የሚገኘውን የኢራዋዲ ወንዝ መነሻ አድርገው፣ በየዓመቱ የሚመጣ ጎርፍ ለወንዙና በዙሪያው ለሚኖር ፍጥረት ሁሉ ሕይወት እንደሆነ ይሞግታሉ። የርብና የጉማራ ወንዞች የሚያጥለቀልቁት የፎገራ አርሶ አደር ሁለቱንም ገጽ ያውቃል። ጎርፉ ቤት ያፈርሳል፣ ከብት ይወስዳል፤ ሲሸሽ ግን በተረፈው እርጥበት ሽንብራና ጓያ ይዘራበታል።

መዝገብ ጠላት ነውን?

የስኮትን መጽሐፍ የነቀፉ ምሁራን አሉ። መዝገብ የሌለው መንግሥት ክትባት ለማን እንደሚያዳርስ፣ በድርቅ ጊዜ እህል ለማን እንደሚያደርስ አያውቅም፤ የአገሬው ልማድም ሁልጊዜ ፍትሐዊ አይደለም፣ በተለይ ለሴቶችና ለደካሞች የሚሉ ናቸው። ስኮትም መዝገብ ለሁለቱም እንደሚያገለግል አልካዱም። በሽታ ከየት እንደ ተነሣ ለማወቅ የሚረዳው የሕዝብ መዝገብ፣ በኔዘርላንድስ ናዚዎች አገሪቱን በያዙ ጊዜ አይሁዳውያንን ለይቶ ለመያዝ ውሏል።

የአማራ ክልል የቅርብ ታሪክም ሁለቱን ገጾች ያሳያል። በ1989 ዓ.ም በተካሄደው የመሬት ሽግሽግ ገበሬዎች በምድብ ተከፍለው ነበር። “ቢሮክራሲ” እና “ቀሪ ፊውዳል” በሚል የተፈረጁት ከሌላው ያነሰ፣ አንድ ሄክታር ብቻ እንዲይዙ ሲደረግ፣ አንድ ቃል የአንድን ቤተሰብ ኑሮ ለወጠ። በሌላ በኩል ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በክልሉ የተሰጠው፣ ብዙዎች አረንጓዴ ደብተር የሚሉት የይዞታ ማረጋገጫ በተለየ መንገድ ሄዷል። በነዋሪው የተመረጡ የቀበሌ ኮሚቴዎች ከማሳ ማሳ ሲዘዋወሩ አዋሳኞች በቦታው ተገኝተው ወሰናቸውን መሰከሩ። የባልና የሚስት ስምና ፎቶግራፍ በአንድ ደብተር ላይ መስፈሩም ቀደም ሲል ድምፅ ላልነበራት ሴት መከራከሪያ ሰጣት። ልኬታው ያው ልኬታ ነው፤ በጎጃም በ1960 ዓ.ም ያልነበረው የባለቤቱ እጅ ግን አለበት።

ስኮት ለዕቅድ አውጪዎች የተዉት ምክር አራት ነው፤ በትንሽ በትንሹ መራመድ፣ ቢሳሳቱ ሊመለሱበት የሚችሉትን መንገድ መምረጥ፣ ያልታሰበ ነገር እንደሚመጣ አስቀድሞ መጠበቅ፣ እንዲሁም ሕዝቡ በጊዜ ሂደት ዕቅዱን የሚያሻሽልበት ዕውቀት እንዳለው ማመን።

ምክሩ ለነዋሪውም ድርሻ አለው። ማሳው በካርታ ሲነሣ ባለይዞታው በቦታው መገኘት፣ አዋሳኙን ይዞ መምጣት፣ የትዳር ጓደኛው ስም መስፈሩን፣ የወል ግጦሹና የውኃ መውረጃው በግለሰብ ስም አለመጻፉን ማየት ይገባዋል። ካርታ ያለው ደብተር ከመሰጠቱ በፊት የልኬታው ውጤት ለሕዝብ ይፋ ሆኖ አስተያየትና ቅሬታ የሚቀርብበት ጊዜ አለ። በእነዚያ ጥቂት ቀናት የተሳሳተ መስመር በአንድ ቃል ይታረማል፤ ቀናቱ ካለፉ በኋላ ግን ያንኑ መስመር ለማስተካከል የፍርድ ቤት ደጅ መጥናት ሊጠይቅ ይችላል።